ከሙጉጋ እስከ ኡራን

ኡራን ከሞያሌ በስተ ምዕራብ፣ ከሶሎሎ ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ የኬንያ መንደር ናት። በአስተዳደር ማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ትቆጠር እንጂ ከብቷ ድንበር አያውቅም። ዝናብ ሲጠፋ መንጋው ወደ ሰሜን፣ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ግድም ይወጣል፤ ሲዘንብ ወደ ጎልቦ ሜዳ ይወርዳል። የሚታለቡት ላሞች ከነጥጆቻቸው በመንደሩ ዙሪያ ይውላሉ። ቦረናዎች ይህን መንጋ ዋራ ይሉታል። የነጠፉት ላሞች፣ ወይፈኖቹና ሰንጋዎቹ ግን ከጎረምሶች ጋር ወጥተው ለወራት አይመለሱም፤ እነሱ ፎራ ናቸው። ዋራና ፎራ የሚለውን ክፍፍል አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። አንድ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ደስታ በሽታ ለተባለው የከብት መቅሠፍት ያገኘው ክትባት ግቡን ለመምታት ግማሽ ምዕተ ዓመት የፈጀበት አንዱ ምክንያት እዚያ ውስጥ አለ።

(በዚህ ምዕራፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢትዮጵያና እንግሊዝ ድንበሩን በስምምነት የወሰኑት በታኅሣሥ 1907 ነው። መስመሩ ሞያሌን ለሁለት ከፈለ፤ የቦረናን ግጦሽ ከውኃው፣ ዘመድን ከዘመድ ለየ። በሽታው ግን ከድንበሩ ይቀድማል። ደስታ በሽታ በ1887 በምጽዋ በኩል እንደገባ አብዛኞቹ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ፤ ያመጡትም የኢጣልያ ጦር ከሕንድ ያስገባቸው ከብቶች ናቸው ይላሉ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ዘመን በደጋው ክፉ ቀን ተባለ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አይችልም፤ ያልታረሰ መሬት አያበቅልም፤ ድርቁና አንበጣው ተጨመሩበት፤ ከዚያ ወረርሽኝ ሰውን ለቀመው። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ አንሥተው እንደቆፈሩ፣ መኳንንቱም እንዲቆፍሩ እንዳደረጉ ተጽፏል። ቦረናዎች ያን ጊዜ የሚያስታውሱት ሬሳውን በወረረው ጥቁር ዝንብ ነው። ደገኛው በሬውን ቢያጣ ቢያንስ ዶማ ነበረው። ወተት ብቻ ጠጥቶ ለሚያድር አርብቶ አደር ላም ከሞተች ዶማ የሚተካው ነገር የለም። ከብቱ ያለቀበት ሰው ጎሳው በቡሳ ጎኖፋ ሥርዓት አዋጥቶ ላም ይሰጠው ነበር፤ ያኔ ግን ሰጪውም ተቀባዩም እኩል ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ከዚያ በሽታው ወደ ደቡብ ወረደ። ማሳዮችን በ1890ዎቹ መጀመሪያ አራቆተ፤ በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ፤ በሚቀጥለው ዓመት የአህጉሩ ጫፍ ኬፕ ላይ ነበር። የሃንጋሪው ባላባት ሳሙኤል ቴሌኪ በመጋቢት 1888 ቱርካና ሐይቅ ዳር ደርሶ፣ ቀጥሎም እስከ ጨው ባሕር ዘልቆ የመንጋና የዱር አውሬ ብዛት ያየበት አገር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባዶውን ቀረ። ቴሌኪ አዳኝ ነበር፤ ዝሆን በብዛት ገድሏል። እሱን ተከትሎ የመጣው ገዳይ ግን ጠመንጃ አላስፈለገውም።

ሃንጋሪን ያነሣሁት ለወግ ያህል አይደለም። አውሮፓ ደስታ በሽታን ለዘመናት የምታውቀው ከምሥራቁ ሜዳ የሚመጣ መቅሠፍት አድርጋ ነው። ከሃንጋሪ ሜዳ ወደ ጀርመንና ወደ ኢጣልያ ገበያ በእግሩ የሚነዳው ሰንጋ ሕመሙንም ይዞ ይጓዝ ነበር። ፔሽት ከተማ ላይ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት በ1787 ሲጀመር አንዱ ትልቅ ጭንቀት የመንጋ ወረርሽኝ ነበር። ያ ትምህርት ቤት ኋላ ላይ ዓለም የሚያውቃቸውን ሁለት መምህራን አፍርቷል። አንዱ ፌሬንስ ሁቲራ ነው። ሌላው ዮዤፍ ማሬክ በ1907 እግራቸው የሰለለ አራት አውራ ዶሮዎችን መርምሮ ነርቫቸው እንደተጎዳ ጻፈ። የዶሮ አርቢ ዛሬ «ማሬክ» የሚለው በሽታ ስሙን የወሰደው ከዚህ ሰው ነው። ሁለቱ በ1905 ያሳተሙት ስለ ቤት እንስሳት በሽታና ሕክምና የሚያትት ትልቅ መጽሐፍ በየቋንቋው ተተርጉሞ የሐኪሞች ዋና ማጣቀሻ ሆኖ ቆየ።

የአውሮፓ ሐኪሞች ደስታ በሽታን ያሸነፉት ግን በመድኃኒት አይደለም፤ በፖሊስ ነው። የታመመውንና ከታመመው ጋር የዋለውን መንጋ አርዶ መቅበር፣ መንገድ መዝጋት፣ ገበያ ማገድ፣ ለባለቤቱ ካሣ መክፈል። ዘዴው ሠራ። በ1920 ከሕንድ ወደ ብራዚል የሚጫኑ ከብቶች አንትወርፕ ላይ ሲያርፉ በሽታው ቤልጅግ ውስጥ ብቅ አለ። ድንጋጤው የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በ1924 ፓሪስ ላይ በ28 አገሮች እንዲቋቋም ምክንያት ሆነ። ይህንኑ ዘዴ ወደ ኡራን አምጡት እንበል። ካሣ የሚከፍል መንግሥት የለም፤ መንጋውን ለማረድ የሚመጣው ወታደር ሳይደርስ ከብቱ ድንበር ተሻግሯል፤ ቢደርስም የሚያርደው የቤተሰቡን ምግብ ነው። የቅኝ ግዛቱ የኬንያ አስተዳደር ያደረገው የግማሹን ያህል ነው፤ የሰሜኑን ከብት በኳራንቲን አጥሮ ወደ ደቡብ ገበያ እንዳይወርድ ከለከለ። ይህ የነጭ ሰፋሪዎችን ላም ጠበቀ፤ ቦረናን ግን ከገበያ አወጣው እንጂ ከበሽታው አልጠበቀውም። እዚህ አገር የሚሠራ መፍትሔ ቢኖር እያንዳንዱን ከብት ከነሕይወቱ የሚያድን መሆን ነበረበት።

ወደዚያ የሚወስዱ ሙከራዎች ቀደም ብለው ተጀምረዋል። ሮበርት ኮህ ደቡብ አፍሪካ ተጠርቶ በ1896 መጨረሻ ኪምበርሊ ደረሰ፤ በበሽታው ከሞተ ከብት ሐሞት ወስዶ ጤነኛውን በመውጋት አንዳንዱን አዳነ። በ1920ዎቹ ጄ. ቲ. ኤድዋርድስ ሕንድ ውስጥ ቫይረሱን ከፍየል ወደ ፍየል እያሸጋገረ አደከመው። ይህ የፍየል ክትባት ብዙ ከብት አድኗል፤ ሆኖም ለአንዳንድ ዝርያ ከባድ ነበር፣ የተከተበችው ላም አንዳንዴ ክፉኛ ትታመማለች፣ አልፎ አልፎም ትሞታለች። ላሙን ለመርፌ አሳልፎ የሰጠ አርቢ ማግስቱን ስትሞት ቢያይ በሚቀጥለው ዓመት ለሐኪሙ ምን እንደሚመልስ መገመት አይከብድም።

ዋልተር ፕላውራይት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በሐምሌ 1923 በእንግሊዝ ሊንከንሻየር አውራጃ ሆልቢች በምትባል የገበሬዎች ከተማ ተወለደ፤ ከለንደኑ የንጉሣዊ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በ1944 ተመረቀ። ምሥራቅ አፍሪካን መጀመሪያ ያያት የጦሩ የእንስሳት ሐኪም ሆኖ ነው። በ1950 በቅኝ ግዛቱ የእንስሳት ሕክምና አገልግሎት ተቀጥሮ ከናይሮቢ አጠገብ ወዳለው የካቤቴ ላቦራቶሪ ተመለሰ። ናይጄሪያ ቮም ላይ ጥቂት ዓመት ሠርቶ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሙጉጋ ገባ። ሙጉጋ ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ያለ ቀዝቃዛና ጭጋጋም ስፍራ ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካ የእንስሳት ምርምር ድርጅት የተቋቋመው እዚያ ነበር። እስከ 1971 ድረስ የሠራውም በዚያ ነው።

ፕላውራይት ከቀደሙት የሚለየው ከፍየል ሳይሆን ከብርጭቆ መጀመሩ ነው። አሜሪካዊው ጆን ኤንደርስና ባልደረቦቹ በ1949 የፖሊዮን ቫይረስ ሕያው እንስሳ ሳያስፈልጋቸው በላቦራቶሪ በሚያድጉ ሕዋሳት ላይ አራብተው ነበር። ፕላውራይት ይህንኑ ለደስታ በሽታ ተጠቀመበት። ከጥጃ ኩላሊት ሕዋሳትን ለይቶ በብርጭቆ ውስጥ አሳደገ፤ በላያቸውም ካቤቴ ኦ የሚባለውን፣ በ1910 ገደማ ኬንያ ውስጥ ከታመመ ከብት የተገኘውን ቫይረስ ዘራ። ከባልደረባው ከፌሪስ ጋር ሆኖ ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው ማሸጋገር ያዘ። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር፣ ሃምሳ፣ ከዘጠና ጊዜ በላይ። በየደረጃው ጥቂት ከብት ይወጋሉ፤ ትኩሳቱን ይለካሉ፤ አፏን፣ ዓይኗን፣ እበቷን ያያሉ። ቫይረሱ በብርጭቆ ኑሮ እየለመደ በሄደ ቁጥር ከብት ማሳመሙ እየቀረ መጣ፤ መከላከያ የመፍጠር ኃይሉ ግን አልቀረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ውጤቱ ታተመ። ክትባቱ ለማንኛውም ዝርያ፣ ለጥጃም ለእርጉዝ ላምም አይከብድም፤ አንዴ የተወጋ ከብት በዕድሜው ሙሉ ይጠበቃል፤ ከተከተበው ወደ ሌላው ከብት የሚያልፍ ነገር የለውም፤ አመራረቱም ርካሽ ነው። ባለቤትነቱን ለራሱ አላስመዘገበም። ማንኛውም አገር ዘሩን ወስዶ እንዲያመርት ተተወ። ደብረ ዘይት ላይ በ1964 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ኋላ ላይ ከአፍሪካ ትልልቅ አምራቾች አንዱ ሆነ።

የሙጉጋ ዓመታቱ በአንድ ክትባት አያልቁም፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ የሚማርኩኝ ሌሎቹ ሥራዎቹ ናቸው። ማሳዮች ዊልድቢስት በሚወልድበት ወቅት ከብታቸውን ከዚያ ሜዳ ያርቃሉ፤ ከብቱ ዓይኑ ደፍርሶ፣ ንፍጡ ወርዶ የሚሞትበት በሽታ ከዊልድቢስቱ ጥጃ እንደሚመጣ ያምኑ ነበር። ፕላውራይት በ1960 ቫይረሱን ከዚሁ አውሬ አግኝቶ እረኞቹ ልክ እንደሆኑ አረጋገጠ። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳትም ከከርከሮ ጉድጓድ ውስጥ በሚኖር መዥገር እንደሚመላለስ በ1969 ከባልደረቦቹ ጋር አሳየ። በ1962 ደግሞ ከሰሜን ኬንያ ቀጭኔ ላይ አንድ የደስታ በሽታ ቫይረስ ለየ። ላቦራቶሪ ውስጥ ከብት ሲወጉበት ሕመሙ ቀለል ያለ ነበር። ይህን ቀጭኔ አንርሳው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሰነዱ ከመደርደሪያ ይወርዳል።

እንግዲህ በ1962 መፍትሔው በእጅ ነበር። በሽታው የጠፋው በ2011 ነው። ለምን?

የደስታ በሽታ ቫይረስ ለማጥፋት የሚመች ጠላት ነው። ከኩፍኝ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዓይነቱ አንድ ስለሆነ አንድ ክትባት ሁሉንም ይሸፍናል። የታመመ ከብት ትኩሳት ይይዘዋል፣ ዓይኑና አፍንጫው ይፈሳል፣ ድዱና ምላሱ ይቆስላል፣ አፉ ይከረፋል፣ ከዚያ ክፉኛ ያስቀምጠዋል፤ በሳምንት ከጥቂት ቀን ውስጥ ወይ ይሞታል ወይ ይድናል። የዳነው ዳግም አይታመምም፤ ቫይረሱን ደብቆም አይኖርም። ከእንስሳ ውጭ ፀሐይ ቶሎ ይገድለዋል። ስለዚህ በሽታው ለመኖር ሁልጊዜ አዲስ፣ ያልተከተበ ከብት ይፈልጋል፤ ያን ያጣ ዕለት አለቀለት።

ይህን በማመን የአፍሪካ መንግሥታት ከ1962 እስከ 1976 ጄ.ፒ. 15 የተባለውን የጋራ ዘመቻ አካሄዱ። ሃያ ሁለት አገሮች በተከታታይ ዙር መንጋቸውን ከተቡ። ወረርሽኙ ጠፋ፤ ቢያንስ ጠፋ ተባለ። ገንዘቡ ቀነሰ፣ መኪናው ተሰበረ፣ የክትባት ቡድኑ ተበተነ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሽታው ከተደበቀበት ወጥቶ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ሱዳንና ኢትዮጵያ እንደገና ተዛመተ። በ1986 ሌላ ዘመቻ ተጀመረ፤ መላው አፍሪካን ያካተተ፣ በአብዛኛው በአውሮፓ ማኅበረሰብ ገንዘብ የሚሄድ።

የተደበቀበት ቦታ የት ነው? የክትባቱ ቡድን የማይደርስበት ነው። እዚህ ላይ ነው ፎራ የሚመለሰው። የፕላውራይት ክትባት የደረቀ ዱቄት ሆኖ በብልቃጥ ይታሸጋል፤ ነገር ግን ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በቆላ ሙቀት ብዙ አይቆይም። በጨው ውኃ ከተበጠበጠ ደግሞ በበረዶ ላይ እንኳ ሆኖ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልተወጋ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ክትባት ማለት መኪና፣ ነዳጅ፣ በጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣ፣ የበረዶ ሣጥን፣ የውሎ አበል የሚቆጠርለት ባለሙያና ሾፌር ማለት ነበር። ይህ ጓዝ ሁሉ የሚደርሰው መንገድ እስካለበት ነው። መንገድ ዳር ያለው ደግሞ ዋራው ነው፤ ወጣቱ፣ ብዙ የሚጓዘው፣ በየውኃው ከሌላ መንጋ ጋር የሚቀላቀለው ፎራ ቀርቷል። በአንድ ሰፈር በየዓመቱ ግማሽ ወይም ስድሳ በመቶ ከብት ይከተባል፤ የተከተበውን በሚቀጥለው ዓመት መልሰው ይወጉታል፤ ያልተከተበው አሁንም አልተከተበም። እንዲህ ያለ ክትባት ትልቁን እልቂት ያስቀራል፤ በሽታው ግን በትንሽ በትንሹ ሲዞር ማንም አያየውም። ደጋው ላይ በየዓመቱ ለሚታየው ከብት መርፌ እየተወጋ፣ ቫይረሱ በአፋር፣ በደቡብ ሱዳንና በሶማሌ ቆላ በሰላም ይኖር ነበር።

ይህን በግልጽ ካዩት አንዱ በኢትዮጵያ የሠራው ፒተር ሮደር ነው፤ በኋላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትን የደስታ በሽታ ማጥፊያ መርሐ ግብር መርቷል። የሱና የባልደረቦቹ ክርክር ለሹማምንት ጆሮ የሚከብድ ነበር፦ ደጋው ላይ በጅምላ መከተቡን ተዉና ኃይላችሁን ቫይረሱ በሚኖርበት ቆላ ላይ አሰባስቡ። ክትባት መስጠትን የመሰለ የሚታይ ሥራ ማቆም ለየትኛውም ሚኒስቴር ቀላል ውሳኔ አይደለም። ቢሆንም ኢትዮጵያ አደረገችው።

ቆላው ላይ ግን በምን ይደረስ? መልሱ ከአሜሪካ ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ከመጣው ጄፍሪ ማሪነር በኩል መጣ። የፕላውራይትን ቫይረስ አልቀየረውም። ቬሮ በሚባሉ ከጦጣ ኩላሊት በተገኙ ሕዋሳት ላይ አራባው፤ የማድረቂያውን ጊዜ አራዘመ፤ በዱቄቱ ውስጥ የሚቀረውን እርጥበት እጅግ ቀነሰ። ውጤቱ በ37 ዲግሪ ሙቀት፣ ያለ ማቀዝቀዣ፣ አንድ ወር ገደማ የሚቆይ ክትባት ነው። ሥራው ከፕላውራይት ግኝት ጋር ሲተያይ ትንሽ ይመስላል፤ የማድረቂያ ማሽን ማስተካከል ነው። ለኡራን ዓይነት አገር ግን ከመጀመሪያው ግኝት የማይተናነስ ይመስለኛል። ብልቃጡ አሁን በከረጢት ተይዞ በእግር መሄድ ይችላል። በእግር የሚሄደው ደግሞ ከከተማ የመጣ ሐኪም መሆን የለበትም።

አፋር ላይ የሆነው ይህ ነው። ብርሃኑ አድማሱና ባልደረቦቹ የጎሳ ሽማግሌዎች ራሳቸው የመረጧቸውን አርብቶ አደሮች ለአጭር ጊዜ አሠልጥነው መርፌና ብልቃጥ አስያዟቸው። ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ከብት ግን ያውቃሉ፤ መንጋው የት እንደሆነም ያውቃሉ። በ1994 ሃያ የሚሆኑት ከ70,000 በላይ ከብት ከተቡ፤ በመንጋው ውስጥ የተፈጠረው መከላከያም የመንግሥት ቡድን በመኪና ሄዶ ያላገኘው ነበር። በአፋር የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በ1995 ነው፤ ለኢትዮጵያም የመጨረሻው ነበር።

ይህን ሁሉም ሐኪም በደስታ አልተቀበለውም። ስድስት ዓመት ተምሮ የወጣ ባለሙያ ፊደል ያልቆጠረ እረኛ መርፌ ሲይዝ ማየት አይጥመውም። ተቃውሞው ከንቱ ቅናት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ግን ትክክል አይደለም። በድንበር ገበያዎች ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ እንደ ስኳር በችርቻሮ ሲሸጥ፣ ለማን በስንት መጠን እንደሚወጋ የሚጠይቅ ሲጠፋ ያየ ሰው ሥጋታቸውን ይረዳል። አንድ ጊዜ ተወግቶ ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል፣ መጠኑ ቢዛነፍም የማይጎዳ ክትባትና ያለ አግባብ ሲወሰድ ተህዋስያንን የሚያጠናክር አንቲባዮቲክ አንድ አይደሉም። ሕግ ማውጣት የነበረበት ይህን ለይቶ ነበር፤ ለብዙ ጊዜ ግን ሁለቱንም በአንድ ላይ ሲከለክል ወይም በአንድ ላይ ሲያልፍ ቆይቷል።

የመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ ወደ ኡራን አካባቢ፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያመጣናል። ፍንጩ የመጣው ግን ከደቡብ ነው፦ በ1994 በኬንያ ፃቮ ብሔራዊ ፓርክ ጎሽና ኩዱ መሞት ጀመሩ። ዓይናቸው ታውሮ በየጫካው ይንገዳገዱ ነበር። በዙሪያው ያለው የቤት ከብት ግን ብዙም የታመመ አይመስልም። ቫይረሱ ሲመረመር በአፍሪካ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ጠፍቷል ተብሎ ከታመነው ዝርያ ሆኖ ተገኘ። የቅርብ ዘመዱ ፕላውራይት በ1962 ከሰሜን ኬንያው ቀጭኔ ላይ የለየው ቫይረስ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያና በደቡብ ሶማልያ መንጋ ውስጥ፣ የአካባቢውን ከብት በቀላል ትኩሳትና በጥቂት የአፍ ቁስል ብቻ እያሳመመ፣ ስሙን ሳያስጠራ ኖሯል። ከብት ሲገድል የሚታወቅ በሽታ ከብት ሳይገድል ሲኖር ማን ይፈልገዋል?

መልሱ እረኛው ነው። ማሪነር፣ ሮደርና ሌሎችም በዚህ ጊዜ ያሳደጉት የምርመራ ዘዴ የአርብቶ አደሩን ዕውቀት ከላቦራቶሪው እኩል የሚያስቀምጥ ነበር። ሐኪሙ መጠይቅ አይሞላም፤ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ከዚህ ቀደም የትኛው ሕመም መቼ እንደመጣ፣ የትኛው ዕድሜ ከብት እንደታመመ፣ መንጋው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሄደ ያስተረካል። በአንድ ወረዳ ጥጆች አፋቸው ቆስሎ ዓይናቸው አልቅሶ ነበር የሚል ወሬ ሲሰማ ደም ለመቅዳት ወደዚያ ይሄዳል። ካርታ ላይ ባዶ የሚመስለው ቆላ እንዲህ በወሬ ተሞላ።

በዚህ መካከል ፕላውራይት እንግሊዝ ተመልሶ ነበር። ከ1971 ጀምሮ በተማረበት ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ቀጥሎ ኮምፕተን በሚገኘው የእንስሳት በሽታ ምርምር ተቋም የማይክሮባዮሎጂ ክፍልን መርቶ በ1983 ጡረታ ወጣ። በ1981 የሮያል ሶሳይቲ አባል ተደረገ፤ በ1999 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጠው። በየካቲት 2010 አረፈ። ከዓለም የመጨረሻው የደስታ በሽታ ሕመምተኛ በ2001 በኬንያ ሜሩ ብሔራዊ ፓርክ የተገኘ ጎሽ ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው አሰልቺው ሥራ ነበር፦ መከተብ አቁሞ፣ ለዓመታት ደም እየቀዱ፣ ምንም እንደሌለ ማረጋገጥ። ኢትዮጵያ ከበሽታው ነፃ መሆኗ በ2008 ታወቀላት፤ ኬንያ በ2009፣ ሶማልያ በ2010 ተከተሉ። በግንቦት 2011 የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት፣ በሰኔ ደግሞ የምግብና የእርሻ ድርጅት በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጁ። ሰው ሆን ብሎ ካጠፋቸው በሽታዎች ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። የፈንጣጣም የመጨረሻው ተፈጥሯዊ ሕመምተኛ የተገኘው በ1977 በሶማልያ መርካ ነው። ሁለቱም በሽታዎች የመጨረሻ መሸሸጊያቸውን እዚሁ የአፍሪካ ቀንድ ላይ ማግኘታቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ መንገድና ሐኪም የጎደለበት፣ ሰውና ከብት ግን ሳያቋርጥ የሚንቀሳቀስበት አገር ነው።

ቫይረሱ ከመንጋ ጠፋ እንጂ ከማቀዝቀዣ አልጠፋም። ናሙናው በብዙ አገር ላቦራቶሪዎች ተበትኖ ስለነበር አንዱ ሳይታሰብ ቢያመልጥ ዛሬ በዓለም ላይ የሚከላከል ከብት አይኖርም። ስለዚህ አገሮች የያዙትን እንዲያጠፉ ወይም ለተመረጡ ጥቂት ማከማቻዎች እንዲያስረክቡ ተደረገ። የእንግሊዙ ፒርብራይት ተቋም በ2019 የያዛቸውን ከ3,000 የሚበልጡ ናሙናዎች አጠፋ። ከተመረጡት ማከማቻዎች አንዱ ቢሾፍቱ (ደብረ ዘይት) ያለው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው። በሽታው ቢመለስ አፍሪካ የምትከላከልበት ክትባት የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ዘሩም ያው ከመቶ ዓመት በፊት ካቤቴ ላይ የተገኘው ቫይረስ ነው።

ኡራን ዛሬ የምትፈራው ሌላ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ዝናብ በተከታታይ ሲቀር በድንበሩ ግራና ቀኝ ከብት በብዛት አለቀ። ብዙ ቤተሰብ ከላም ወደ ፍየልና ወደ ግመል ዞሯል፤ ፍየል ቅጠል ትበላለች፣ ቶሎ ትወልዳለች፣ ቶሎ ትሸጣለች። የፍየልና የበግ ደስታ መሰል በሽታ የሚመጣው በዚሁ በኩል ነው። ቫይረሱ የደስታ በሽታ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ኬንያ ውስጥ በ2006 ቱርካና ላይ ታይቶ በሰሜኑ ሁሉ ተስፋፋ። እሱንም እስከ 2030 ለማጥፋት ዓለም አቀፍ ዕቅድ በ2015 ወጥቷል። ጥሩ ክትባት አለው፤ ሙቀት እንዲችል ተደርጎ የሚዘጋጅም አለ፤ ደብረ ዘይት ያመርታል። ሒሳቡ ግን ከላም ይለያል። ላም ከወለደች ሌላ ጥጃ እስክትሰጥ ዓመት ያልፋል፤ ፍየል በዓመት ሁለት ጊዜ የምትወልድበት ጊዜ አለ፣ መንታም ትጥላለች። ባለፈው ወቅት ሰማንያ በመቶ የተከተበ የፍየል መንጋ በዚህ ወቅት ግልገሉ ሲቆጠርበትና ትልልቁ ገበያ ሲወጣ መከላከያው ግማሽ ላይ ይወድቃል። እንደ ላም አንዴ ወግቶ ማለፍ አይቻልም፤ በየወቅቱ መመለስ ያስፈልጋል። ፍየል ደግሞ ዋጋዋ ትንሽ ስለሆነ ባለቤቷ ለክትባት ብር ለማውጣት ያመነታል፤ መንግሥትም ለእሷ መኪና ለመመደብ እንደ ላም አይቸኩልም። የክትባት ሠራተኛው እንደ 1994ቱ አፋር በእግሩ ሊሄድ ይችላል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለዓመታት እንዲሄድ አበሉን የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ የናይሮቢም የአዲስ አበባም በጀት እስካሁን በወጉ አልመለሰም።